የልጄን ስም ልቀይር የሄድኩበት ቅዳሜ

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ከቤት ስወጣ አንድ ሰው ዋሽቼ፣ ሌላ ሰው ልዋሽ እየሄድኩ ነበር። የዋሸሁት ባለቤቴን ብርሃኑን ነው። ልዋሽ የምሄደው ደግሞ የሟች ባለቤቴን እናት፣ እትዬ ጥሩወርቅን።

ውሸት ልማዴ ሆኖ አይደለም። ግን ሰው የሚወዳቸውን ሁለት ሰዎች እንዳያስቀይም ብሎ ሲያመነታ፣ ሳያስበው ሁለቱንም የሚያስቀይም ነገር ውስጥ ይገባል። እኔ የገባሁት እንዲያ ነው። ለመረዳት እንዲቀላችሁ መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ።

ሜልበርን የመጣሁት ዮናስን አግብቼ ነው። ዮናስ ገና በወጣትነቱ ከእናቱ ጋር በኬንያ በኩል በስደት የመጣ ሰው ነበር። ኮሊንግዉድ በሚባለው ሰፈር ካሉት ፎቆች በአንዱ፣ እኛ አሥራ ሁለተኛ እናቱ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። ልጃችን ማራኪ ስድስት ዓመት ሲሞላት ዮናስ ሥራ ቦታ ለምሳ እንደተቀመጠ ልቡ ቆመ። አርባ ሦስት ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ የነበሩትን ዓመታት ያለ እትዬ ጥሩወርቅ እንዴት እንደማልፋቸው አላውቅም። እኔ የሕፃናት ማቆያ ውስጥ ስሠራ ማራኪን ከትምህርት ቤት የሚያመጧት፣ የሚያበሏት፣ አማርኛ የሚያስተምሯት እሳቸው ነበሩ። ልጃቸውን የቀበሩት እሳቸው ሆነው ሳለ፣ ማልቀስ ሲያምረኝ ሄጄ የማለቅሰው እሳቸው ዘንድ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ብርሃኑን አገባሁ። ብርሃኑ ደስታ ይባላል፤ ዳንደኖንግ አካባቢ የአውቶቡስ መካኒክ ነው። እኛም ወደዚያው ገባን። እትዬ ጥሩወርቅ ሠርጉ ላይ አልመጡም። “ጉልበቴን አሞኛል” አሉ፤ እኔም እንዳመንኩ ሆንኩ። ክፉ ቃል ግን አንድም ቀን አልተናገሩም። ቅዳሜ ቅዳሜ ማራኪን ይዤ እሄዳለሁ፣ ውለን እንመለሳለን። ብርሃኑ በመኪና ካደረሰን ፎቁ ሥር ይጠብቀናል እንጂ አይወጣም። እሳቸው “ውጣ” አላሉትም፣ እሱም “ልውጣ” አላለም።

የስሙ ነገር የመጣው ከማራኪ ራሷ ነው። አገራችን ቢሆን ጥያቄም አይሆን፤ ሰው በስሙና በአባቱ ስም ይጠራል፣ አለቀ። እዚህ ግን ሰርኔም የሚባል፣ ቤተሰብ ሁሉ የሚጠራበት የጋራ ስም አለ። ዮናስ በስደት ሲመጣ የአባቱ ስም ተፈራ ሰርኔም ሆነ። ማራኪም ስትወለድ በሰርተፊኬቷ ላይ ማራኪ፣ መሃል ላይ ዮናስ፣ መጨረሻ ላይ ተፈራ ተባለች። ትምህርት ቤት ማራኪ ተፈራ ናት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አዳዲስ ደብተሮቿን ሳስተካክል አምስቱም ላይ በቆንጆ ጽሕፈት “ማራኪ ደስታ” የሚል አየሁ።

“ይሄ ምንድን ነው?” አልኳት።

“እንዲሁ እየሞከርኩት ነው” አለች በእንግሊዝኛ፣ ቀና ሳትል።

ዝም ስላት ቀስ በቀስ አወጣችው። እኔ ያኔ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። የሚወለደው ልጅ ደስታ ነው የሚባለው። ብርሃኑ ደስታ ነው። እሷ ብቻ ተፈራ ሆና ልትቀር ነው። ኔትቦል ጨዋታዋ የሚያደርሳት፣ ስትታመም ከትምህርት ቤት የሚወስዳት እሱ ነው፤ ሁልጊዜ ግን የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ስሙን ከስሟ ጋር አስተያይታ “ምኗ ነህ?” ብላ ትጠይቀዋለች።

“እኔም እኮ ደስታ አይደለሁም። የአባቴን ስም ነው የያዝኩት” አልኳት።

“አንቺ ትልቅ ሰው ነሽ” አለችኝ።

ለብርሃኑ ነገርኩት። “ልጅቷ ከፈለገች ለኔ ክብር ነው” አለ። “ግን እትዬ ጥሩወርቅ ሳያውቁና ሳይፈቅዱ አይሆንም። የልጃቸው ነገር ነው። መጀመሪያ ንገሪያቸው።”

“እነግራቸዋለሁ” አልኩ። አንድ ቅዳሜ ሄድኩ፣ አልነገርኳቸውም። በሁለተኛውም ሄጄ አልነገርኳቸውም። ብርሃኑ “ነገርሻቸው?” ሲለኝ “አዎ” አልኩት።

“ምን አሉ?”

“ምንም አላሉም።”

“ምንም?” አለና ፊቱ ሲበራ አየሁት። “እኔ እኮ በጣም የሚከፋቸው መስሎኝ ነበር።” በዚያች ሰዓት እውነቱን ብነግረው ኖሮ ይህን ታሪክ የምጽፍበት ምክንያት አይኖረኝም ነበር። አልነገርኩትም።

ፎርሙን አወጣሁና ሞላሁት። አንደኛው ወላጅ በሕይወት ከሌለ ሌላው ብቻውን ማመልከት ይችላል፤ የልጅቷ መስማማትም ይጠየቃል። ከዚያ ውጭ የማንም ፊርማ አያስፈልግም፣ የአያትም ጭምር። ይህን ሳነብ እፎይ አልኩ፤ ሕጉ ራሱ “መንገር አያስፈልግም” ያለኝ መሰለኝ። አንድ ነገር ብቻ ጎደለ። ዮናስ መሞቱን የሚያሳይ ሰርተፊኬት ኮፒ ተደርጎ ሰርቲፋይ መደረግ አለበት፤ ማለትም ሕግ የፈቀደለት ሰው፣ ፋርማሲስትም ቢሆን፣ ትክክለኛ መሆኑን ፈርሞ ያረጋግጣል። ኦሪጅናሉ ደግሞ እትዬ ጥሩወርቅ ዘንድ ነው። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ የዮናስን ወረቀቶች በሙሉ፣ የሥራ መታወቂያውን ሳይቀር፣ በአንዲት ዚፕ ባላት ሰማያዊ ቦርሳ ውስጥ ይዘው ነው የሚኖሩት። ሌላ ኮፒ ከመንግሥት ማዘዝ ይቻል ነበር፤ ግን ሳምንታት ይፈጃል፣ እዚህ አገር ከሰባተኛ ክፍል የሚጀምረው የማራኪ የሀይስኩል ምዝገባም ደርሷል። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ነገሩ ቶሎ አልቆ እንዲገላግለኝ ፈለግሁ።

እንግዲህ በዚያ ቅዳሜ ባቡር ውስጥ ሆኜ ምን እንደምላቸው ስለማመድ ነበር። ማራኪንም “ስለ ስሙ ለእማማ እንዳትነግሪያቸው፣ እኔ ነኝ የምነግራቸው” አልኳት።

“ዛሬ ነው የምትነግሪያቸው?”

“እናያለን።”

ቤታቸው አልነበሩም። ፎቁ ሥር ነዋሪዎቹ በጋራ የሚያለሙት ጓሮ አለ፤ እዚያ የጎማ ጫማቸውን አድርገው ከጎመናቸው መሃል አረም ሲነቅሉ አገኘናቸው። ማራኪን ሲያዩ ጭቃ የነካ እጃቸውን ወደ ኋላ ደብቀው በጉንጫቸው ሳሟት።

“እትዬ፣ የዮናስን የሞት ሰርተፊኬት ፈልጌ ነበር” አልኩ፤ ከሰላምታው ጋር አያይዤ ቀለል ላደርገው ፈልጌ። “ለማራኪ ፓስፖርት።”

“ፓስፖርት? ወዴት ልትሄዱ ነው?”

“የትም። ለወደፊቱ ብለን ነው።”

“ለወደፊቱ” አሉና ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ቧንቧው ጋ ሄደው እጃቸውን ታጠቡ።

ቤት ወጣን፤ ከመኝታ ቤታቸው ሰማያዊዋን ቦርሳ ይዘው መጡ። እጄን ዘረጋሁ፤ አልሰጡኝም። “ኦሪጅናሉን ከእጄ አላወጣም ልጄ፣ አትቀየሚኝ። እዚሁ መንገዱ ላይ ያለው ፋርማሲ ኮፒም ያደርጋል፣ ይፈርማልም። ልጁ ያውቀኛል። አብረን እንሄዳለን።”

“እርስዎ ለምን ይደክማሉ፣ ጉልበትዎን እያመመዎት…”

“በዚያው መድኃኒቴንም እወስዳለሁ” አሉ። ልብሳቸውንም ለውጠው ወጡ።

በመንገድ ላይ በሆዴ ሒሳብ አወጣሁ። የሞት ሰርተፊኬቱንና የማራኪን የልደት ሰርተፊኬት ብቻ እሰጠዋለሁ፤ ፎርሙ ከቦርሳዬ አይወጣም፤ ይፈርማል፤ እንወጣለን። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው።

ፋርማሲስቱ ቀልጣፋና ሳቂታ ወጣት ነው። “ማማ!” ብሎ ተቀበላቸው። ወረቀቶቹን ሰጠነው፤ ኮፒ አደረገና ማኅተሙን አነሳ። ከዚያ ቆመ።

“ለየትኛው መሥሪያ ቤት ነው?” አለኝ በእንግሊዝኛ። “አንዳንዶቹ ምን ተብሎ እንዲጻፍ እንደሚፈልጉ ፎርማቸው ላይ ይገልጻሉ። ፎርሙን ይዘሽዋል?”

“አያስፈልግም፣ እንዲሁ በተለመደው መንገድ ፈርምልኝ” አልኩት።

“ማም፣ ይዘሽዋል እኮ” አለች ማራኪ። ልጄ ቅን ናት፤ የረሳሁት መስሏት ነው። ቦርሳዬ ክፍት ነበር፤ እጇን ሰደድ አድርጋ ፎርሙን አወጣችና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችለት።

ልጁ የመጀመሪያውን ገጽ አየና ፊቱ በፈገግታ ተሞላ። “ኦ! ስም ልትቀይሪ ነው!” አላት ድምፁን ከፍ አድርጎ። “አዲሱ ስምሽ ማን ሊሆን ነው?”

ማራኪ እኔን አየች። ከዚያ አያቷን አየች።

እትዬ ጥሩወርቅ እንግሊዝኛቸው ለሐኪም፣ ለገበያና ለአውቶቡስ የሚሆን ያህል ነው። “ኔም” የምትለዋን ቃል ግን የማያውቅ ስደተኛ የለም። ወደ አገር ከገባንበት ቀን ጀምሮ የምንጠየቀው እሷን ነው።

“ቼንጅ ኔም?” አሉ ልጁን።

“የስ ማማ!” አላቸው ደስ ብሎት።

እኔን አላዩኝም። ልጁ ምንም አልገባውም፤ አንድ በአንድ ማኅተም መታ፣ ፈረመ፣ ቀን ጻፈ። አራት ገጽ ነበር። አራቱንም የማኅተም ድምፅ ቆሜ ሰማሁ። እሳቸው መድኃኒታቸውን ተቀበሉ፣ ኦሪጅናሉን አጥፈው ወደ ሰማያዊዋ ቦርሳ መለሱ፣ “ታንክ ዩ ማይ ሰን” አሉና ቀድመውን ወጡ።

እስከ ቤታቸው ድረስ ከፊት ከፊት ሄዱ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴትዮ እኔ እስክደርስባቸው አልጠበቁም። ማራኪ እጄን ይዛ “ሶሪ ማም፣ ሶሪ” ትላለች፤ “አንቺ ምንም አላጠፋሽም” እላታለሁ። ሊፍቱ ውስጥ አንዲት ጎረቤታቸው ሰላም ስትላቸው በትሕትና መለሱላት። እኛን ግን የማያውቁን ነበር የሚመስሉት።

ቤት ስንገባ “እናንተ ተቀመጡ” አሉ። መኝታ ቤታቸው ገቡና በሩን ዘጉ።

ለሦስት ሰዓት ያህል አልወጡም። ሦስት ሰዓት በወሬ ይቀላል፤ ተዘግቶ የቆየ በር ፊት ለፊት ግን በጣም ረጅም ነው። በመጀመሪያ የማስረዳበትን ቃል ሳዘጋጅ ቆየሁ። ቀጥሎ ፈራሁ፤ የደም ግፊት እንዳለባቸው አውቃለሁ። ሄጄ አንኳኳሁ።

“እትዬ?”

“ቆይ” አሉ። ድምፃቸው የለቅሶም የቁጣም አልነበረም። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ከእኔ ይልቅ የከበደኝ የማራኪ ነገር ነው። ሶፋው ጥግ ላይ ተኮራምታ “ንገሪያቸው፣ አልቀይርም አለች በያቸው። ተፈራ ሆኜ እቀራለሁ። ምንም አይደለም” አለችኝ። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። የትልልቆቹን ጥፋት ልትሸከም ስትዘጋጅ ሳያት በራሴ አፈርኩ።

መሃል ላይ ብርሃኑ ደወለ። ከሰዓት በኋላ የባቡር መሥመሩ ለጥገና ስለሚዘጋ በመኪና መጥቶ ሊወስደን ነበር። “እንዴት ናቸው እትዬ?” አለ።

ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። “ብሬ፣ ዋሽቼሃለሁ” አልኩት። “ነገርኳቸው ያልኩህ ውሸት ነው። አልነገርኳቸውም ነበር። አሁን ፋርማሲ ውስጥ ከሰው አፍ ሰሙ። በር ዘግተው ተቀምጠዋል።”

“መጣሁ” አለና ዘጋው።

በሩ ሲከፈት ማራኪ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። እትዬ ጥሩወርቅ መነጽራቸውን አድርገው የሞት ሰርተፊኬቱን በእጃቸው ይዘው ወጡ። ዓይናቸው ቀልቷል። ከፊታችን ወንበር ስበው ተቀመጡ።

“ማራኪ፣ ነይ። ይሄን አንብቢልኝ” አሉና አንዲት መስመር ላይ ጣታቸውን አስቀመጡ።

ማራኪ አየችው። “የአባት ስም ይላል። ተፈራ።”

“እሱ ውሸት ነው” አሉ።

አልገባኝም። “ምኑ ነው ውሸቱ እትዬ?”

“ዮናስን የወለደው ተፈራ አይደለም። ተፈራ ያሳደገው ነው። የወለደው ካሳ ይባላል።”

ከዮናስ ጋር አሥር ዓመት ኖሬያለሁ። ካሳ የሚል ስም ከአንደበቱ ወጥቶ አያውቅም።

“ካሳ ወታደር ነበር” አሉ። “ዮናስ ገና ድክድክ ሳይል ዘመተ፤ አልተመለሰም። ሃያ ዓመቴ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ተፈራን አገባሁ። ኮልፌ ልብስ ሰፊ ነበር። ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ነው ያሳደገው፤ ልብስ ሲለካ እንኳ ከትከሻው አያወርደውም ነበር። ሰባት ዓመት ሲሞላው ሦስታችንም ሆነን ትምህርት ቤት ልናስመዘግበው ሄድን። መዝጋቢው ‘ስም?’ አለ። ‘ዮናስ’ አልኩ። ‘የአባት ስም?’ አለ። አፌን ከመክፈቴ በፊት ልጁ ‘ተፈራ!’ ብሎ ጮኸ።”

ፈገግ አሉ። ከጠዋት ጀምሮ ፈገግታቸውን ሳይ ያኔ የመጀመሪያዬ ነበር።

“ተፈራ አጠገቤ ቆሟል። ፊቱን ብታዪው ሰናይት! እኔም ዝም አልኩ። መዝጋቢው ጻፈ። ፎርም የለ፣ ማኅተም የለ። በቃ ተፈራ ሆነ።”

“ዮናስ አያውቅም ነበር ማለት ነው?”

“እሱ ነው ጥፋቴ” አሉ። “የካሳን ስም በቤቴ አላነሳም። የካሳ እህት ልጁን ልታይ ስትመጣ ደብተሮቹን እደብቅ ነበር፣ ተፈራ የሚለውን ስም እንዳታነበው። ልጁንም ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል ተፈራም ሞተ፣ ልጁም አሥራ ስምንት ዓመት ሞላው። ኬንያ ካምፑ ውስጥ የሰፈራችን ሰው ተገኘ፤ ከሌላ አፍ እንዳይሰማ ፈራሁና ነገርኩት። ለዚህ አገር ፎርም የምንሞላበት ሰሞን ነበር። ሦስት ቀን አላናገረኝም። በአራተኛው ቀን መጣና ‘ተፈራ ብዬ ሞልቼዋለሁ፣ አባቴ እሱ ነው’ አለኝ። ‘የተቀየምኩሽ በስሙ አይደለም እማዬ። ስለደበቅሽኝ ነው።’”

ሰርተፊኬቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

“ዛሬ ፋርማሲ ውስጥ በስሙ የከፋኝ መሰለሽ? ልጃቸው ሞቶ እሳቸው ስም ላይ ይጣላሉ ብለሽ ነው? ባሌ ሞተ ብለሽ እኔ ዘንድ ስታለቅሺ የኖርሽ ልጅ፣ ፓስፖርት ነው አልሽኝ።”

ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ያዝኩ። “ይቅር ይበሉኝ እትዬ። ፈርቼ ነው።”

“ተነሺ! በዚህ ሆድሽ ትንበረከኪያለሽ እንዴ!” ብለው ክንዴን ሳቡኝ። ክብደቴ ከበዳቸውና ማራኪ ረዳቻቸው። ሁለቱ ተጋግዘው ሲያነሱኝ እኔ ማልቀሴን ረስቼ ሳቅኩ። “እዚያ ክፍል ውስጥ ምን ስሠራ የቆየሁ ይመስልሻል?” አሉኝ። “አንቺን የምቆጣበት ቃል ስፈልግ ነው። ባሰብኩ ቁጥር የምቆጣት ሴት እኔው ራሴ ሆኜ አገኛታለሁ።”

ማራኪ ለካ ሁሉንም ነገር ስትከታተል ኖሯል። “እንግዲያው አያቴ ተፈራ ለአባዬ እንደ ብርሃኑ ነበር ማለት ነው?” አለች፣ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ።

እትዬ ጥሩወርቅ እስኪ ተርጉሚልኝ ብለው ወደ እኔ አላዩም። “አዎ የኔ ልጅ” አሏት። “ልክ እንደ ብርሃኑ።” የብርሃኑን ስም ከአፋቸው ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ፎርሙን አሳዩኝ አሉ። ማራኪ ገልጣ አሳየቻቸው። አዲስ ስም በሚለው ቦታ ላይ “ማራኪ” እና “ደስታ” ብዬ ጽፌያለሁ። መሃሏን ሳጥን ባዶ ትቻታለሁ።

“ዮናስስ?” አሉ።

እዚህ ላይ ልደብቃችሁ አልፈልግም። ባዶ የተውኩት ረስቼ አይደለም። ቢያጥር ይሻላል፣ ለሁላችንም ይቀላል ብዬ ነው። ለማን እንደሚቀል ግን አላሰብኩም ነበር። ማራኪንም አልጠየቅኳትም።

“አባዬን አውጥተሽዋል?” አለችኝ ማራኪ። ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም።

“አንቺ የምትፈልጊውን ንገሪን” አሏት አያቷ። “እናትሽም አትናገር፣ እኔም አልናገርም።”

ማራኪ ብዙ አላሰበችም። እስክሪብቶ አነሳችና ባዶዋ ሳጥን ውስጥ በእንግሊዝኛ ፊደል ዮናስ ብላ ጻፈች። “ማራኪ ዮናስ ደስታ” ብላ ጮክ አድርጋ አነበበችው። ደግማም አነበበችው። “ጥሩ ነው” አለች።

የእታችኛው በር መጥሪያ፣ ኢንተርኮሙ፣ የጮኸው ያኔ ነው። እኔ ልነሳ ስል እትዬ ጥሩወርቅ ቀደሙኝ።

“ማነው?”

“እኔ ነኝ እትዬ፣ ብርሃኑ። እታች ነኝ፣ እጠብቃቸዋለሁ።”

“ምን እታች ትጠብቃለህ? ውጣ!” አሉና በሩን ከፈቱለት።

ብርሃኑ ከሥራ በቀጥታ ነበር የመጣው። ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ በካልሲው ቆሞ፣ ዘይት ያልለቀቀው እጁን በእጁ ይዞ “እትዬ፣ እርስዎ ሳያውቁ የተደረገ ነገር ካለ እኔ…” ብሎ ጀመረ።

“ተቀመጥ መጀመሪያ” አሉት። “ለልጄ ልጅ ስምህን ልትሰጥ ነው አሉ።”

“እሷ ናት የሰጠችኝ፣ እኔ ምን ሰጠሁ” አለ። ማራኪን አይቶ ድምፁ ተለወጠ። “ግን እርስዎ ካልወደዱ ፎርሙን አሁን እቀደዋለሁ።”

“ፎርሙን ተወው። ስሙ ብቻ እንዳይሆን ነው የምልህ። ትምህርት ቤት ሲደውሉልህ ቶሎ አንሳ።”

“አነሳለሁ እትዬ።”

“እሺ። ጎመን ትበላለህ? ቅድም የቀነጠስኩት አለ።”

“እበላለሁ” አለ ብርሃኑ። በእውነቱ ጎመን የሚባል ነገር አይወድም። ሁለት ጊዜ ጨምሮ በላ።

ወደ ቤት ስንመለስ ብርሃኑ እንዳልተቆጣኝ እንዳይመስላችሁ። መኪና ውስጥ ከማራኪ ጋር ብቻ ነው ያወራው፣ ሁለት ቀንም አኩርፎኝ ሰነበተ። ይገባኛል። በሦስተኛው ቀን “ሌላ የነገርሽኝ ውሸት አለ?” አለኝ። “የለም” አልኩት፤ እውነቴን ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድን ነገር መናገር ሲያስፈራኝ መጀመሪያ የምነግረው ለእሱ ነው።

ፎርሙን በደንብ ሞልተን ላክነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አዲሱ ሰርተፊኬት በፖስታ መጣ። ማራኪ በስልክ ለአያቷ አነበበችላቸው፤ ፊደል በፊደል እንድትዘረዝርላቸው አደረጓት፣ ስህተት እንዳይኖርበት። ወንድሟ ሲወለድ ሆስፒታል ከኔ ቀጥሎ ያቀፉት እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው።

አንባቢዎቼ፣ በተለይ እንደኔ ልጅ ይዛችሁ ሁለተኛ ትዳር የገባችሁ፣ ስም ቀይሩ ወይም አትቀይሩ ልላችሁ አይደለም የጻፍኩት። እሱን እናንተና ልጃችሁ ታውቃላችሁ። እኔ የተማርኩት ሌላ ነው። ፎርሙ የማን ፊርማ እንደሚያስፈልግ ይነግራችኋል፤ ከማን ጋር ቁጭ ብላችሁ ማውራት እንዳለባችሁ ግን አይነግራችሁም። እኔ ሕጉ ያልጠየቀኝን ሰው መጠየቅ ትርፍ ድካም መሰለኝ። ይከፋቸዋል ብዬ ስፈራቸው የኖርኩት ሴትዮ ግን ይህን መንገድ ከኔ አርባ ዓመት ቀድመው ሄደውበት ነበር። የት ቦታ ላይ እንደሚያደናቅፍ ያውቁ ነበር። ብጠይቃቸው ኖሮ ይነግሩኝ ነበር።

በቅርቡ፣ የዮናስን መታሰቢያ በምናደርግበት እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እትዬ ጥሩወርቅ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ካህኑ በጸሎት የሚያነሷቸውን የሙታን ክርስትና ስሞች ሁልጊዜ የምጽፍላቸው እኔ ነኝ። የዮናስን ጻፍኩ። የተፈራን ጻፍኩ። ወረቀቱን ልመልስላቸው ስል እጄን ያዙኝ።

“ሌላ አለ” አሉ። “ኃይለ ሚካኤል ብለሽ ጻፊ። ካሳ ነው።”

ጻፍኩት። መነጽራቸውን አድርገው ሦስቱንም ስሞች ቀስ ብለው አነበቡ። ከዚያ ወረቀቱን ራሳቸው ይዘው ወደ ካህኑ ሄዱ።